የላቦራቶሪው ወረቀት ምን ይላል፣ ምንስ አይልም?
(በአባላት ወርሃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



«የሴቶች ማህበር ስለ ወንዶች ዕጢ ምን አገባው?» የምትል እህት በዚህ ቤት እንደማትጠፋ እናውቃለን። መልሱ ያለው በብድር መዝገባችን ላይ ነው። የብድር ምክንያት በሚጻፍበት ዓምድ «ለሕክምና» የሚለው እየበዛ መጥቷል። ከማመልከቻው ጋር ተያይዘው ከሚመጡት ወረቀቶች መካከልም «ፒኤስኤ» የሚል የደም ምርመራ ውጤት ደጋግመን ማየት ጀምረናል። ወረቀቱ የባል ነው፣ የአባት ነው፣ የታላቅ ወንድም ነው። ከላቦራቶሪው መስኮት የምትቀበለው፣ በነጠላዋ ጫፍ ጠቅልላ ወደ ቤት የምታመጣው፣ ሌሊቱን ስለ ቁጥሩ ስታስብ የምታድረው፣ በመጨረሻም ለብድሩ የምትፈርመው ግን ከእኛ አንዷ ናት።

እኛ ይህን ያዘጋጀነው የሒሳብ ክፍል ሰዎች ነን እንጂ ሐኪሞች አይደለንም። በሽታን መለየት የሐኪም ሥራ ነው፤ ከዛሬው ስብሰባ ወጥታ ለባሏ መድኃኒት የምታዝ እንዳትኖር። ቁጥር ማንበብ ግን የእንጀራችን ጉዳይ ነው። በባንክ ደብተሩ ላይ 40 ሺህ ብር ያለው ሰው ባለጸጋ ነው ወይስ ባለዕዳ? ዕዳውን ሳናይ አናውቅም። የፒኤስኤ ቁጥርም እንደዚያው ነው።

ፒኤስኤ የሚባለው በፕሮስቴት ዕጢ ውስጥ የሚሠራ ፕሮቲን ነው። ፕሮስቴት ከሽንት ፊኛ በታች የሽንት ቧንቧን ከቦ የተቀመጠ፣ ወንድ ሁሉ ያለው ትንሽ ዕጢ ነው። የፕሮቲኑ ሥራ የወንድ ዘር ፈሳሽ እንዲቀጥን ማድረግ ሲሆን ከእሱ በጣም ጥቂቱ ወደ ደም ያልፋል። ላቦራቶሪው የሚለካው ያን ጥቂቱን ነው፤ መለኪያውም ናኖግራም በሚሊ ሊትር ይባላል። አንድ ናኖግራም የአንድ ግራም ቢሊዮንኛ ነው።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ይህን ፕሮቲን የሚሠራው ካንሰሩ ብቻ አይደለም፤ ጤነኛው ዕጢም ይሠራዋል። ዕጢው በዕድሜ ምክንያት ሲተልቅ ቁጥሩ ይጨምራል። በኢንፌክሽን ሲቆጣ ይጨምራል። ካንሰር ሲኖርበትም ይጨምራል። ወረቀቱ «ከፍ ብሏል» ይላል፤ ከሦስቱ በየትኛው ምክንያት ከፍ እንዳለ አይናገርም።

በትልልቆቻችን ጆሮ ቃሉ ራሱ ከሞት ጋር ተያይዞ መቅረቱ አያስገርምም። ደርግ በነሐሴ 1967 የአፄ ኃይለ ሥላሴን ሞት ሲያስታውቅ ከፕሮስቴት ቀዶ ሕክምና ጋር አያይዞት ነበር። ሐኪማቸው የነበሩት ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ግን የመንግሥቱን ቃል አልተቀበሉም። ያኔ ይህ የደም ምርመራ ገና በሐኪም እጅ አልገባም ነበር። በአሜሪካ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1986 ሲሆን፣ ያውም ካንሰር እንዳለባቸው የታወቁ ሰዎች ከሕክምና በኋላ እንዴት እንደሆኑ ለመከታተል ነበር። ያልታወቀ ካንሰርን ለመፈለግ እንዲያግዝ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው። ይህን ልዩነት ያዙልን፤ በኋላ እንመለስበታለን።

አሁን ወረቀቱን እንዘርጋው።

መጀመሪያ የምታዩት ቀኑን ይሁን። መሣሪያው የሚያትመው ቀን በፈረንጅ ነው፤ በካርዱ ላይ በእጅ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ በእኛ አቆጣጠር ነው። አንዱ ወረቀት 2016 ይላል፣ ሌላው 2024። በመካከላቸው ስምንት ዓመት ያለ ይመስላል፤ ሁለቱ ግን በአንድ ክረምት የተሠሩ ሊሆኑ ይችላሉ። ቁጥሩ ከ3 ወደ 6 ያደገው በስምንት ዓመት ነው ወይስ በሦስት ወር? ለሐኪሙ ይህ ሰማይና ምድር ነው። በስምንት ዓመት ከሆነ የዕድሜ ጉዳይ ሊሆን ይችላል፤ በሦስት ወር ከሆነ ወይ ኢንፌክሽን ነው ወይ ሌላ የሚያስቸኩል ነገር። ስለዚህ በየወረቀቱ ጥግ ላይ «በኢትዮጵያ» ወይም «በፈረንጅ» ብላችሁ በእስክሪብቶ ጻፉበት። ደረሰኝ ላይ እንደምናደርገው ማለት ነው።

ቀጥሎ ነጥቧን ተመልከቱ። 4.0 እና 40 በደበዘዘ ቀለም ወይም ፎቶ ኮፒ ላይ መንትያ ናቸው። ከቁጥሩ በፊት ወደ ጎን የተኛ ቀስት የመሰለ ምልክት ካለ «ከዚህ በታች» ወይም «ከዚህ በላይ» ማለት ነው፤ መሣሪያው ሊቆጥር ከሚችለው ወሰን አልፏል ማለት ነው። አንዳንዱ ወረቀት መለኪያውን ማይክሮግራም በሊትር ብሎ ይጽፈዋል፤ አትደንግጡ፣ ቁጥሩ ያው ነው።

ከዚያ በቀኝ በኩል «ከ0 እስከ 4» የሚል ወሰን ታትሞ ታገኛላችሁ፤ ውጤቱ ከዚያ ካለፈም ጎኑ ላይ ኤች የምትባለዋ የእንግሊዝኛ ፊደል ትቀመጣለች። ያቺ ፊደል ስንት ቤት እንዳስለቀሰች! ፊደሏን የጻፋት ሐኪም አይደለም፤ መሣሪያው ነው። 4.1 ሲያይ ይጽፋታል፣ 3.9 ሲያይ ይተዋታል። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ያው ሰው በሌላ ሳምንት ቢመረመር ሊያመጣው ይችላል። በአንድ ሰው ላይ እንኳ ቁጥሩ ያለ በሽታ ከፍና ዝቅ ይላል፤ በሁለት ላቦራቶሪዎች መሣሪያዎች መካከል ደግሞ እስከ 20 በመቶ የሚደርስ ልዩነት ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ድጋሚ ምርመራ ሲታዘዝ፣ ከተቻለ በዚያው ላቦራቶሪ ይሁን። ርካሽ ፍለጋ ከአንዱ ወደ ሌላው መዞር እዚህ ላይ አያዋጣም።

4 የምትባለዋ ወሰንም ብትሆን በጤናና በበሽታ መካከል የተገነባ ግንብ አይደለችም። በአሜሪካ በተደረገና እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣ ጥናት፣ ውጤታቸው ከ4 ያልበለጠ 2,950 ወንዶች ከዕጢያቸው ናሙና ተወስዶ ሲታይ ከመቶ 15ቱ ካንሰር ተገኝቶባቸዋል። ከእነዚያ 15 ውስጥ ግን ጠንከር ያለው ዓይነት የነበረባቸው ወደ ሁለት ያህል ብቻ ናቸው። በሌላ በኩል፣ ከ4 እስከ 10 ያለ ቁጥር ካላቸው አራት ሰዎች ናሙና ቢወሰድ በግምት በአንዱ ካንሰር ይገኛል፤ በሦስቱ አይገኝም። ከ10 ሲያልፍ ዕድሉ ከግማሽ በላይ ይሆናል። በዕድሜ የተከፋፈለ ወሰን የሚጠቀሙ ሐኪሞችም አሉ፤ በ40ዎቹ 2.5፣ በ50ዎቹ 3.5፣ በ60ዎቹ 4.5፣ በ70ዎቹ 6.5። ይህ ሠንጠረዥ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1993 በአሜሪካ ሚኒሶታ ነጮች ከሚበዙበት አንድ አካባቢ ነው። እንደ መንገድ ምልክት እዩት፣ እንደ ሕግ አትዩት።

ፈቃዷን ጠይቀን፣ ስሟን ሳንጠራ፣ የአንዲት አባላችንን ነገር እናንሳ። አባቷ 67 ዓመታቸው ነው። ትኩሳት ይዟቸው፣ ሽንት እምቢ ብሏቸው በቱቦ ወጣላቸው። በዚያው ሳምንት ሰው «ይሄንንም አሠሩ» ብሎ መክሯቸው ፒኤስኤ ተሠራ፤ 18.4 መጣ። ወረቀቱን ያቀበላት ሰው በመስኮቱ በኩል «ካንሰር ነው» አላት። ቤተሰቡ ከአባትየው ደብቆ ተላቀሰ፣ ላም ሊሸጥ ተስማማ፣ አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ተደወለለት። ብድሩን ልትጠይቅ ወደ እኛ ስትመጣ የጠየቅናት አንድ ነገር ነው፤ ደሙ የተሰጠው ቱቦው ከመግባቱ በፊት ነው ወይስ በኋላ? በኋላ ነበር። ይህን የሚመዝነው ሐኪም ነውና ከላሟ በፊት ወደ ሐኪም ሂዱ አልናት።

ሐኪሙ መጀመሪያ ኢንፌክሽኑን አከመ። ከስድስት ሳምንት በላይ አስጠብቆ በዚያው ላቦራቶሪ አስደገመ። 5.1 መጣ። አልትራሳውንድ ሲነሱ የዕጢው መጠን 70 ሚሊ ሊትር ሆኖ ተገኘ። እዚህ ጋ የሒሳብ ሰው የሚወደው ስሌት ይመጣል። የፒኤስኤውን ቁጥር ለዕጢው መጠን ማካፈል ነው። 5.1 ለ70 ሲካፈል ወደ 0.07 ይሆናል። ከ0.15 በታች የሆነ ውጤት ስጋቱን ይቀንሳል፤ ትልቅ ዕጢ ብዙ ፕሮቲን ቢሠራ ምን ይገርማል? ያው 5.1 መጠኑ 25 በሆነ ትንሽ ዕጢ ላይ ቢገኝ ግን 0.20 ይሆናልና ሐኪሙን ያሳስበዋል። አያችሁ፣ ቁጥሩ አንድ ነው፣ ትርጉሙ ሁለት። አልትራሳውንድ መቐለ ውስጥ በቅርብ የሚገኝ ነገር ነው፤ ወረቀቱ ላይ የዕጢው መጠን በሚሊ ሊትር ወይም በግራም ይጻፋል፣ ለስሌቱ ሁለቱም ያው ናቸው። እኚህ አባት የዕጢ እብጠት መድኃኒት ታዞላቸው፣ በስድስት ወር ተመለሱ ተብለው ቤታቸው ናቸው። ላሟም አለች።

ከዚህ ጋር አብሮ የሚሄድ ነገር አለ። ዕጢውን ለማሳነስ ከሚሰጡት መድኃኒቶች መካከል ፊናስተራይድና ዱታስተራይድ የሚባሉት፣ በወራት ውስጥ የፒኤስኤውን ቁጥር ወደ ግማሽ ያወርዱታል። መድኃኒቱን የሚወስድ ሰው 3 ቢያመጣ ሐኪሙ 6 ብሎ ነው የሚያስበው። መድኃኒቱን እየወሰደ እንደሆነ ካልተነገረው ግን 3ን እንደ 3 ያነበዋል። የመድኃኒቱን ካርቶን ይዛችሁ ሂዱ።

ለእኛ ከተማ ደግሞ ይህ የመጽሐፍ ወሬ ብቻ አይደለም። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 በነበሩት ሁለት ዓመታት ባንክ ተዘግቶ፣ ስልክና መብራት ተቋርጦ፣ አይደር ሆስፒታል መድኃኒትና የላቦራቶሪ ኬሚካል አጥሮት፣ ባለሙያዎቹ ያለ ደመወዝ ሲሠሩ ሁላችንም ነበርን። በብዙ ቤት ፋይል ውስጥ ጉድጓድ አለ። 2012 ላይ አንድ ቁጥር፣ ከዚያ ዝም፣ ከዚያ 2015 ወይም 2016 ላይ ሌላ። አንድ ሰው በ2012 መድኃኒቱን እየወሰደ 3 ነበረው እንበል። መድኃኒቱ ጠፋ። በ2015 ሲመረመር 6 አመጣ። ቁጥሩ እጥፍ ሆነ ብሎ ከመደንገጥ በፊት መድኃኒቱ የተቋረጠበትን ወር ለሐኪሙ መንገር ያስፈልጋል፤ ጭማሪው ሁሉ ከዚያ የመጣ ሊሆን ይችላል። ጉድጓዱን በቃል የምትሞላው ሚስት ናት። ሐኪሙ ከወረቀቱ ላይ አያገኘውም።

ከምርመራው በፊት ስለሚደረገው ጥንቃቄ በአጭሩ እንለፍ። መጾም አያስፈልግም፤ ጾም ላይ ያለም ሰው መመርመር ይችላል። ለሁለት ቀን ከግንኙነት መታቀብ ይመከራል፤ ይህን ለባሎቻችን የምንነግረው እኛው ነን፣ እንግዲህ ሳቁን ለቡናው ሰዓት እናቆየው። በእነዚያው ሁለት ቀናት ብስክሌትም አጥብቆ ባይነዳ ይመረጣል። መቐለ የብስክሌት አገር ናትና ነገሩ ለእኛ ከቀልድ ያልፋል።

አሁን ደግሞ ወደ ሌላኛው ጎን እንሻገር፤ ምክንያቱም እስካሁን ያልነው «አትደንግጡ» የሚል ብቻ ሆኖ ከቀረ ሰው ይሞትብናል።

ባሏ 58 ዓመቱ ነው። ወገቡን አመመው። ብርድ ነው ተባለ። ወጌሻ አሸው፣ የሕመም ማስታገሻ ዋጠ፣ ጠበል ተጠመቀ። ሽንቱ ከቀጠነ ሁለት ዓመት አልፎት ነበር፣ ሌሊት አምስት ጊዜ ይነሣል፤ «ዕድሜ ነው» ተባለ። ዓመት ሊሞላው ሲል እግሩ ከበደው። ያኔ ነው ሆስፒታል የደረሰው። የፒኤስኤ ወረቀቱ ከ100 በላይ ይል ነበር። እንዲህ ያለ ቁጥር ብዙውን ጊዜ ካንሰሩ ከዕጢው ወጥቶ አጥንት ላይ መድረሱን ያመለክታል። ለዚህ ሰው ምርመራው ቅድመ ምርመራ አልነበረም፤ በሽታው ደጁን አንኳኩቶ ገብቶ ነበር።

ስለዚህ ሁለቱን ነገሮች አንቀላቅላቸው። ምንም ምልክት የሌለው ጤነኛ ሰው ልመርመር አልመርመር ብሎ ማሰብና ማመዛዘን ይችላል፤ ጊዜ አለው። ሽንቱ ደም የቀላቀለ፣ ሽንት የከለከለው፣ የማይለቅ የወገብ ወይም የዳሌ አጥንት ሕመም ያለበት፣ ያለ ምክንያት የከሳ ሰው ግን የሚያመዛዝነው ነገር የለውም፤ ዛሬ ይሂድ። ወገቡን የሚያመው ሰው እግሩ መስነፍ ወይም መደንዘዝ ከጀመረ፣ ሽንትና ሰገራ መቆጣጠር ካቃተው፣ ያ ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል የሚኬድበት ነው። የአከርካሪው ነርቭ ከተጫነ በኋላ የሚባክን እያንዳንዱ ቀን ከእግሩ ላይ የሚቀነስ ነው። ጠበሉን ማንም አይከለክልም፤ ከጠበሉ ጎን ለጎን ሐኪሙ ጋም ይኬድ።

የዚህ ሰው ሕክምና ምን ሆነ ብላችሁ የምትጠይቁ አላችሁ። የፕሮስቴት ካንሰር አብዛኛውን ጊዜ የሚያድገው በወንዴ ሆርሞን ነው። ሆርሞኑን ማቋረጥ ካንሰሩን እንደሚያሳንሰው ቻርልስ ሀጊንስ የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1941 አሳይቶ በኋላ የኖቤል ሽልማት አግኝቶበታል። ማቋረጫው መንገድ ሁለት ነው፤ በየወሩ ወይም በየሦስት ወሩ የሚወጋ መርፌ፣ አለዚያም የወንዱን ፍሬ በቀዶ ሕክምና ማውጣት። መርፌው ውድ ነው፣ ከገበያም ይጠፋል፣ ዕድሜ ልክ ይቀጥላል። ቀዶ ሕክምናው አንድ ጊዜ ነው፤ ስለዚህ እንደ እኛ ባለ አገር ብዙ ጊዜ የሚመረጠው እሱ ነው። ወንዶቻችን ይህን ሲሰሙ «ከዚህስ ሞት ይሻለኛል» ይላሉ። ሰውዬው ሳምንት ሙሉ እምቢ ብሎ ነበር። ያሳመነችው ሚስቱ ናት፤ ምን ብላ እንዳሳመነችው ሌላ ቀን ራሷ ብትነግራችሁ ይሻላል። ዛሬ በምርኩዝ ይሄዳል፤ ፒኤስኤውም ከ100 በላይ የነበረው በጥቂት ወራት ወደ 2 ወርዷል።

እዚህ ላይ ነው ቅድም ያዙልን ያልናችሁ ልዩነት የሚመለሰው። ፒኤስኤ በጣም የሚታመነው ካንሰሩ ከታወቀና ሕክምና ከተጀመረ በኋላ ነው። ዕጢው ሙሉ በሙሉ በቀዶ ሕክምና ከወጣ ቁጥሩ ወደ ዜሮ መጠጋት አለበት፤ 0.2 ደርሶ ድጋሚ ሲሠራም ከዚያ ካልወረደ ሐኪሙ በሽታው ተመልሶ ሊሆን ይችላል ብሎ ያያል። እንግዲህ ለአንዱ 5 ምንም ላይሆን፣ ለሌላው 0.4 ማስጠንቀቂያ ሊሆን ነው። የጎረቤት ባል ውጤት ከእኛ ባል ውጤት ጋር የማይነጻጸረው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ዋናው አጀንዳችን። ከደጋፊዎቻችን በኩል በቅን ልብ የቀረበ ሐሳብ አለ፤ አንድ ቀን ድንኳን ተተክሎ ከ40 ዓመት በላይ የሆኑ የሓድነት ወንዶች ሁሉ በነፃ ደማቸው ይመርመር የሚል። የኮሚቴያችን መልስ «እናመሰግናለን፣ ግን በዚህ መልክ አይሁን» ነው። ምክንያታችንን ደጋፊዎቻችንም እንዲያነቡት እዚሁ እናስቀምጣለን።

በአውሮፓ በስምንት አገሮች ከ160 ሺህ በላይ ወንዶችን ለ23 ዓመት የተከታተለ ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው የመጨረሻ ሒሳቡ፣ ምርመራው በፕሮስቴት ካንሰር የሚሞተውን ሰው በ13 በመቶ እንደቀነሰ ያሳያል። በሌላ አነጋገር አንድ ሞት ለመከላከል 456 ወንዶች ለምርመራ መጠራት ነበረባቸው። ጥቅሙ እውነት ነው፣ ግን ቀጭን ነው። እነዚያ አገሮች ደግሞ ከደሙ ምርመራ ጀርባ ናሙና የሚወስድ ሐኪም፣ ናሙናውን የሚያነብ ፓቶሎጂስት፣ ቀዶ ሕክምናና የጨረር ሕክምና አሰልፈው ነው የጀመሩት። በእኛ አገር ለረጅም ዓመታት የጨረር ሕክምና ይሰጥ የነበረው አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ በኋላ ጅማና ሐረማያ ተጨመሩ። አይደርም በእቅዱ ውስጥ ከተካተቱት ነበር። ከመቐለ አዲስ አበባ በመኪና ወደ 780 ኪሎ ሜትር ነው። ጨረር ደግሞ አንድ ቀን ተወስዶ የሚመለሱበት ሳይሆን ለሳምንታት እየተመላለሱ የሚወስዱት ነው፤ የማረፊያ ቤቱ ብቻ የአንድ ቤተሰብ የዓመት ቁጠባ ይበላል።

ራሳቸው ባለሙያዎቹም በአንድ ቃል አልጸኑም። የአሜሪካ መንግሥት የሚያማክረው የሐኪሞች ቡድን እ.ኤ.አ. በ2012 ጤነኛ ወንዶችን በዚህ መንገድ አትመርምሩ ብሎ ነበር። በ2018 ከ55 እስከ 69 ዓመት ያሉት ከሐኪማቸው ጋር ተመካክረው ራሳቸው ይወስኑ፣ ከ70 በላይ ላሉት ግን አይመከርም ወደሚል ቀየረው። ፕሮቲኑን እ.ኤ.አ. በ1970 ካገኙት ሰዎች አንዱ የሆኑት ሪቻርድ አብሊን እንኳ ነገሩ በጅምላ መዋሉን በጋዜጣ ጽፈው ተቃውመዋል።

ድንኳኑ ለፎቶ ያምራል። ለሪፖርትም ይመቻል፤ «ይህን ያህል ሰው ተመረመረ» ተብሎ ይጻፋል። በማግስቱ ግን ኤች የተጻፈባቸው ወረቀቶች ወደ የቤቱ ይበተናሉ። ለድጋሚ ምርመራው፣ ለአልትራሳውንዱ፣ ለናሙናው፣ ለመጓጓዣው የሚከፍል የለም። ያኔ ቅድም ያነሳናት ላም ትሸጣለች። እኛ ማህበሩ ሲቋቋም ጀምሮ የምንሠራው ላሟ እንዳትሸጥ ነው።

ያቀረብነው ሐሳብ ይህ ነው። ያው ገንዘብ የክትትል ፈንድ ሆኖ ይቀመጥ። ቅድሚያ ምልክት ላለባቸው ወንዶች ይሁን። ቀጥሎ አባቱ ወይም ወንድሙ በፕሮስቴት ካንሰር ለታመመ፤ እንዲሁም እናቱ ወይም እህቱ በለጋ ዕድሜዋ የጡት ካንሰር ለያዛት። ይህኛው ብዙዎቻችሁን ሊያስገርም ይችላል፤ በዘር ከሚወርዱት የጡት ካንሰር መንስኤዎች አንዳንዱ በወንዶች ልጆች ላይ የፕሮስቴት ካንሰር ስጋትን ይጨምራል። ስለዚህ ሐኪሙ የወንዱን የቤተሰብ ታሪክ ሲጠይቅ የሴቶቹንም ንገሩት። ምልክት ሳይኖረው ከሐኪም ጋር ተነጋግሮ ልመርመር የሚልም ይታገዛል፤ የሚታገዘው ግን ለደሙ ብቻ ሳይሆን ቁጥሩ ከፍ ቢል እስከ ናሙናው መልስ ድረስ ነው። ሰውየው ጥቂት ይሁን፣ መንገዱ ሙሉ ይሁን። በብሪታንያ በተደረገ ሌላ ጥናት በጊዜ ከተገኘባቸው 1,643 ወንዶች መካከል፣ በቀዶ ሕክምና የታከሙትም፣ በጨረር የታከሙትም፣ በክትትል ብቻ የቆዩትም ከ15 ዓመት በኋላ ከመቶ ወደ 97ቱ በዚህ ካንሰር አልሞቱም። በክትትል መቆየት ሕክምና ነው፤ ግን የሚሠራው በቀጠሮው ቀን የሚከፈል ሲኖር ነው።

ከሚመጣው ወር ጀምሮ በሕክምና ብድር ቅጹ ላይ አራት መስመር ጨምረናል። ደሙ የተሰጠበት ቀንና የዘመን አቆጣጠሩ፤ በዚያ ሰሞን ኢንፌክሽን ወይም ቱቦ እንደነበረ፤ የሚወሰዱ መድኃኒቶች፤ ሐኪሙ ቀጥሎ ያዘዘው ነገር። አራተኛው መስመር ባዶ ከሆነ ብድሩን አንከለክልም፤ መጀመሪያ ከሐኪም ጋር የምታገናኛችሁን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ እናስጠራላችኋለን። የጤና መድህን ደብተር ያላችሁ አሳድሳችሁ አምጡ፤ የትኛው ወጪ በመድህኑ እንደሚሸፈን ከብድሩ በፊት አብረን እናጣራለን። አሮጌ ወረቀቶቻችሁን አትጣሉ፤ የደበዘዙትን ፎቶ ኮፒ የምናነሣላችሁ በቢሮ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ነው፣ በነፃ። በክትትል ፈንዱ ላይ ድምፅ የምንሰጠው በሚቀጥለው ስብሰባ ስለሆነ፣ በዚህ መካከል ባሎቻችሁንም ጠይቃችሁ ኑ።